የረቡዕና የዓርብ ልቦች

ከራጅ ክፍል ወደ ልብ አልትራሳውንድ የተዛወርሁ ዕለት ዶክተር ታረቀኝ መጋረጃውን ዘጉና፣ "በል ሸሚዝህን አውልቅ" አሉኝ። ማሽኑን ልማር የሄድሁት ሰውዬ አልጋው ላይ በግራ ጎኔ ተጋደምሁ። ቀዝቃዛ ጄል ደረቴ ላይ ቀብተው ፕሮብ የሚሉትን የማሽኑን መዳሰሻ በጎድን አጥንቶቼ መሀል አሳረፉት። ከማሽኑ እየተሳበ በሚወጣው ወረቀት ላይ የገዛ ልቤ ግድግዳ ሲጠብና ሲሰፋ አየሁ፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት የአዋሳ ሐይቅ ዳር ዳሩን እንደሚነካካው ያለ ነገር ነው። ፈዝዤ ቀረሁ። "ተንፍስ እንጂ!" አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ማሽኑ በእርዳታ የመጣ ነበር፤ አብሮት የመጣው መጽሐፍ የሚያወራው ስለ ፈረንጅ ልብ ብቻ ነው። "የእኛን ጤነኛ ልክ ሳናውቅ በሽተኛውን በምን እንለየዋለን?" አሉ ዶክተር። ስለዚህ ሥራዬ ጤነኛ አዋቂዎችን መለካት ሆነ። የግራው የልብ ክፍል ሞልቶ ሲሰፋና ተጨምቆ ሲጠብ በኮምፓስና በማስመሪያ ከወረቀቱ ላይ እለካለሁ። ከሁለቱ ተነሥቼ ልቡ በአንድ ምት ስንት ደም እንደሚረጭ አሰላለሁ።

ጤነኛ ማግኘት ግን በሽተኛ ከማግኘት ይብስ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ነርስ ዳንጊሶ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹን ለመነ። አንዱ፣ "ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ ነው የምተኛው? አገሩ ሁሉ ታመመ ይለኛል" ብሎ መለሰው። በመጨረሻ የመጡልን አስተማሪዎች፣ የቢሮ ጸሐፊዎችና የራሳችን ሠራተኞች ናቸው።

ያንን ክፍል እወደው ነበር። ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ ሰውየው ይተኛል፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ወረቀቱ ይወርዳል። ስማቸውን የረሳኋቸውን ሰዎች በልባቸው አካሄድ አስታውሳቸዋለሁ። ዛሬም ቀን ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ያ ነጭ መስመር ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከማዋለጃ ክፍል ሲስተር አስናቀች መጣች። ለትምህርት ወደ ውጭ ከሚላኩት አንዷ ሆና ተመርጣለች፤ የቀራት የጤና ወረቀት ብቻ ነው። ፎርሙ ላይ ያለውን ጥያቄ ጠየቅኋት፦ "ቁርስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አለች።

የለካሁት አነስተኛ ሆነ። ደገምሁት፤ ያው ነው። ልቧ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ከሌሎቹ ያንሳል፣ ምቷም ፈጠን ይላል። ዶክተር አይተው፣ "ይህን ይዤ ጤነኛ ናት ብዬ አልፈርምም" አሉ። የተመራጮቹ ዝርዝር የሚላከው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነበር።

ሰኞ ዕለት ወረቀቶቹን በቀን በቀናቸው ስናስተካክል ዳንጊሶ ሳቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እናንተ ሰዎች እሮብና አርብ ልባችሁ ያንሳል እንዴ?" አለኝ። እሱ ጴንጤ ነው፤ በሁለቱም ቀን ጠግቦ ይመጣል። እኔ ግን ነገሩ በአንዴ ገባኝ። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው ደሙ ይቀንሳል፤ ልቡም ደህና አድርጎ አይሞላም። የራሴን ወረቀት አወጣሁ። የተለካሁት ረቡዕ ነው፤ በገዛ እጄ "በልቷል" ብዬ ጽፌበታለሁ። ውሃ እንኳ አልጠጣሁም ነበር።

ሲስተርን ማዋለጃ ክፍል ደጃፍ ላይ አገኘኋት። "ዓርብ ዕለት ጾመሽ ነበር፣ አይደል?" አልኋት።

ዙሪያዋን ቃኘች። "ፎርም ላይ ልትጽፈው ምን እንድልህ ፈለግህ? መራጩ ኮሚቴ ጿሚ ናት ካለ ኋላ ቀር ናት ብሎ ይሰርዘኛል። እናቴን የምጦር እኔ ብቻ ነኝ። እባክህ አፍህን ያዝ።"

ዶክተር ታረቀኝ የዚያው ኮሚቴ አባል ናቸው። ዝም ብል ትቀራለች፤ ብናገርም ትቀራለች። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ገባሁና፣ "ዶክተር፣ የሲስተር አስናቀች ልኬት የእኔ ስህተት ነው። ሐሙስ ልድገመው" አልሁ።

"ምኑን ነው የተሳሳትኸው?"

"ሐሙስ ይሻላል፣ ዶክተር።"

ወረቀቶቹን ሳቡና ቀናቸውን እያዩ አንድ በአንድ ገለጡ። የእኔን ሲያገኙ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሐሙስ ይሁን" አሉ።

ሐሙስ መጋረጃውን ዘግቼ ለካኋት። ያ ጠቦ ያየሁት ክፍል ሞልቶ ይከፈታል፣ ጨብጦ ይረጫል፤ ከዚያ ያማረ ልብ ያየሁ አይመስለኝም። "እህስ?" አለችኝ። "ሙሉ ነው" አልኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ እኔም ጄሉን የምታብስበትን ጨርቅ አቀብያት ወጣሁ። ዶክተር ፈረሙላት።

እነዚያን የረቡዕና የዓርብ ወረቀቶች በሙሉ ጣልናቸው። ከዚያ በኋላ በእነዚህ ቀናት የሚለካ ሁሉ፣ የጾመም ያልጾመም፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲመጣ አደረግን። የቁርሱ ጥያቄም ከፎርሙ ወጣ።

ዛሬ ልብ ለምትለኩ ለእናንተ ለወጣቶቹ የምላችሁ ይህንኑ ነው። ሰው እውነቱን ለመናገር የሚፈራውን ነገር አትጠይቁት፤ ቀጠሮውን አስተካክሉ።