በጠመኔ የተጻፉ በሮች

ያኔ በር ሲንኳኳ ማንም «ማነው?» አይልም ነበር። የውሃ ቆጣሪ አንባቢያችን በወር አንዴ ሲመጣ ውሻ እንኳ አይጮህበትም። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ለሁላችንም ጋሼ ቆጣሪ ነበር። ቆጣሪው ያለበትን ጉድጓድ ክዳን ያነሳል፣ የቆጣሪውን መስታወት በመዳፉ ይጠርጋል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል።

«እትዬ፣ ወሩን ሙሉ ዋና ሲለማመዱ ነበር እንዴ?» ይላታል ብቻዋን የምትኖረውን ጡረተኛ ነርስ።

«እኔ አይደለሁም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እንቁራሪት ነው!»

ሰው እያጣ መመላለስ ስለሰለቸው በየበሩ ግርጌ በጠመኔ ምልክት ያደርግ ነበር። ሁለት ሰረዝ ቤተሰብ ነው። አንድ ሰረዝ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ከጎኑ ነጥብ ካለ ጠዋት ይገኛል ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ።

በዚያ ዓመት፣ በአራት ወር ውስጥ፣ ሦስት ሴቶች በየቤታቸው ታንቀው ተገኙ። ሦስቱም ብቸኛ ነበሩ፤ ሦስቱም የተገደሉት ጠዋት ነው። የተሰበረ በር አልነበረም። ፖሊስ ገዳዩ አጥንቶ ነው የሚመጣው አለ። ነገር ግን ሰፈር ውስጥ ሲያንዣብብ ያየው ሰው አልተገኘም።

ሦስተኛዋ ነርሷ ነበረች። ጋሼ ቆጣሪ ከቀብር ሲመለስ በሯ ላይ ቆመ፤ ዝቅ ብሎም አየ። አንድ ሰረዝ፣ አንድ ነጥብ። ወደ ሌሎቹ ሁለት ሟቾች ቤትም ሄደ። ያው ነው።

ለሚስቱ ነገራት።

«ጥርግ አድርገህ አጥፋውና አፍህን ያዝ» አለችው።

«ገዳዩ ገልብጦት ቢሆንስ?»

«እንደ ወንድሙ የሚያይህን ሰፈር በአንድ ቀን ልታጣው ነው።»

«ልጣው።»

ጣቢያ ሄደ። መርማሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው እሱኑ ነበር፤ ሁለት ቀን አሰረችው። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ዘርግቶ፣ ሰረዝና ነጥብ ያለባቸውን ዐሥራ አንድ በሮች አንድ በአንድ ነገራት። ፖሊሶች ምልክቱን ሳይነኩ በቀሩት ስምንት ቤቶች ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በዘጠነኛው ቀን ቦርሳ ያነገበ ሰው አንዱን በር አንኳኳ።

«ቆጣሪ ነው!»

ፖሊሶች ሲይዙት ቦርሳው ውስጥ ገመድ ነበር፤ የዐሥራ አንዱ ቤቶች ንድፍም ነበር። የሞቱት ሦስቱ ተሰርዘዋል።

ጋሼ ቆጣሪ በሚቀጥለው ወር ሥራውን ጀመረ። እኛ ከፈትንለት፤ ቀልድ ግን አልነበረም። በነርሷ ቤት መኖር የጀመረችው እህቷ ግን አልከፈተችም።

«ስንት ዓመት ነው እዚህ በር ላይ የጻፍከው?» አለችው ከአጥሩ ጀርባ።

«ዐሥራ አራት፤ እሷ እዚህ ከገባች ጀምሮ።»

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ስትሄድ ኮቴዋ ተሰማ፤ ክዳኑ ተንኳኳ።

«ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት!» ብላ ጮኸች።

ጻፈው። ጡረታ እስኪወጣ ሦስት ዓመት እንደዚያው በአጥር ላይ ቁጥሩን ስትነግረው ኖረች። አንድም ጊዜ «ልግባና ላረጋግጥ» አላላትም።