በሩ ተዘግቶ

«እህቴ፣ በሩን ዝጊው፤ አቧራ ይገባብኛል» አለኝ የቤተ ክርስቲያናችንን ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር የፈታው ቴክኒሻን። የተቃጠለው የኃይል ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሲወጣ ሽታው ከደሴ አንስቶ ጋምቤላ፣ የልጅነት ቤቴ ጣለኝ።

አባዬም የቤታችንን ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የቀየረው በሩን ዘግቶ ነበር፤ አቧራ እንዳያስነሳ ቬንቲሌተሩን ሳይቀር አጥፍቶ። ቆርቆሮው ከላይ ይጋግረናል። እኔ ብሎኖቹን በሳህን ይዤ፣ ላቤ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ እንዳልነቃነቅ ታዝዣለሁ። እማዬ በሩ ሥር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎሬ ያለችው እናቷ ታማባታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አቧራው ሳይገባ እኛ አለቅን እኮ!»

«ትንሽ ታገሺ። ይቺ ኮምፒውተር ትነሳና እንሄዳለን።»

«ለእሷስ መለዋወጫ አለላት» አለች እማዬ። ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲበራ አጨበጨብኩ። የአያቴ መርዶም በዚያው ቀን መጣ።

ትናንት እማዬ አሟት ደውላ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ «የቢሮው ኮምፒውተር ይሠራና እመጣለሁ» ብያት ነበር። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ በሩን ከፈትኩት።

«ኧረ አቧራው፣ እህቴ!»

«ይግባ» አልኩት።