ስለ አንዲት ቃል ቦታ ከክፍል የወጡት መምህር ደሳለው

መምህር ደሳለው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ሳል ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃያቸው ቆይቶ ነበር። በሩቅ ላላችሁና መርዶው ላልደረሳችሁ ተማሪዎቻቸውና ወዳጆቻቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ ከእሳቸው ዘንድ እንግሊዝኛ የተማርሁ፣ ኋላም በዚያው ትምህርት ቤት አብሬያቸው ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በቀብራቸው ላይ ብዙ መልካም ነገር ተነገረ። እኔ የምጽፈው ያልተነገረውን ነው።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የተቀበሉን እሳቸው ነበሩ። አብዛኞቻችን ከገጠር መጥተን፣ ቤት ተከራይተን፣ ከወላጆቻችን በሚላክልን ስንቅ የምንማር ነበርን። አንድ ቀን ክፍል ገብተው ኮታቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ፑት ማለት ምንድን ነው?» አሉን።

«አስቀመጠ!» አልን ባንድ ድምፅ።

«እሱ ብቻውን ሲሆን ነው። ኦን ሲከተለው ለበሰ ይሆናል። ኦፍ ሲከተለው ቀጠሮን ለሌላ ቀን አስተላለፈ ይሆናል። አውት ሲከተለው እሳት አጠፋ ይሆናል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከማን ጋር እንደዋለ አይታችሁ ነው የምታውቁት።»

ኮቱን አነሡና «እዘዙኝ» አሉ። «ፑት ኦን ዘ ኮት» ስንል ለበሱ። አውልቀው «ፑት ዘ ኮት ኦን» ስንልም ለበሱ። ቀጥለው «አሁን ኮት የሚለውን ስም ተዉና በተውላጠ ስም እዘዙኝ» ሲሉ አንዱ ፈጠን ብሎ «ፑት ኦን ኢት» አለ። መምህር አንድ እጃቸውን ብቻ አጥልቀው፣ ሌላው እጅጌ እንደተንጠለጠለ ቆሙ። አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። መጀመሪያ ሳቅን፤ ሳቃችን ሲያልቅ ጨነቀን። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር «ፑት ኢት ኦን» የሚል ቀጭን ድምፅ ሲሰማ ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቁና፣ «ተውላጠ ስም ሙሽራ ነው፤ በሁለት ሚዜ መሃል ነው የሚቀመጠው። አንዱ ሚዜ ግሡ፣ ሌላው ተከታዩ ቃል። ሙሽራውን ዳር ያስቀመጠ ሰርጉን አበላሸ» አሉን። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ከነበርነው ይህን የረሳ ያለ አይመስለኝም።

ዓመታት አልፈው ተመርቄ በመምህርነት ስመለስ እናኑ የምትባል ከገሳይ የመጣች ተማሪ ነበረቻቸው። ብርቱ ልጅ ነበረች። ስንቋ ሲያልቅ ትምህርቷን ልታቋርጥ መሆኑን ሰሙና ምሳዋን ከእሳቸው ቤት እንድትበላ አደረጉ። እንዳታፍር፣ «ጓሮዬን የምታርምልኝ ሰው ፈልጌ ነው» ይሉ ነበር። ጓሮ ግን አልነበራቸውም።

በዚያ ዓመት ለጎበዝ ተማሪዎች በአንድ ልዩ ትምህርት ቤት ቦታ የሚያሰጥ ፈተና መጣ። ጥያቄዎቹንም የመልስ ቁልፉንም ያዘጋጁት አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ለሌላ ቀን ስለተላለፈ ስብሰባ የሚያነሣ አንድ ጥያቄ ነበረበት። ቁልፉ ትክክል ብሎ የያዘው «ፑት ኦፍ ኢት» የሚለውን ነው። እናኑ እንደተማረችው «ፑት ኢት ኦፍ» የሚለውን መረጠች። ወረቀቷን ያረሙት መምህር ደሳለው ትክክል ብለው ነጥቡን ሰጧት፤ ኃላፊው ሰረዙት። በዚያች ነጥብ ቦታው አመለጣት።

መምህር አቤት አሉ። መምህራኑ ሁሉ ተሰበሰብን። መምህር ደሳለው ሦስት የሰዋስው መጻሕፍት ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ኃላፊው መጻሕፍቱን ዘወር ብለው እንኳ አላዩአቸውም።

«ቁልፉ ከመጣ በኋላ የእርስዎ ሥራ ማረም ብቻ ነው» አሉ።

«ማረም ማለት የተሳሳተውን ማቅናት መስሎኝ» አሉ መምህር።

«ለአንዲት ቃል ቦታ ነው ይህ ሁሉ?»

«ለቃሏ ቦታ አይደለም፤ ለልጅቱ ቦታ ነው።»

ኃላፊው ወደ እኛ ዞሩና «ሌሎቻችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ነበርን። ሁለቱ አቀረቀሩ። የኃላፊው ዐይን እኔ ላይ ዐረፈ። ለሁለተኛ ዲግሪ የምሄድበት ደብዳቤ የእሳቸውን ፊርማ እየጠበቀ ነበር።

«ሁለቱም አገባብ ይቻላል» አልሁ።

እንደማይቻል ያስተማሩኝ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። መምህር አላዩኝም። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ዘጉ። መመሪያ ጥሰዋል ተብሎ ከክፍል ወጥተው የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ጠባቂ እንዲሆኑ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምሁ። ደብዳቤዬም በሳምንቱ ወጣ።

በዓመቱ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ቁልፉ ታርሟል። ለማንም የተነገረ ነገር አልነበረም። መምህርም ወደ ክፍል አልተመለሱም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያ አቧራ ውስጥ ተቀምጠው የተገነጠሉ መጻሕፍትን በመርፌና በክር ሲሰፉ ኖሩ።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «እንዴት ነዎት መምህር?» አልሁ።

«ፑት አፕ ዊዝ ኢት» አሉ ዐይናቸውን ከመርፌያቸው ሳያነሡ። «ይህችን አላስተማርኋችሁም። መታገሥ ነው። እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙ መሃል አይገባም፤ ሁሉን ከፊቱ አሳልፎ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።»

«እውነት እያደር ይጠራል» አልኋቸው።

«ይጠራል። እስኪጠራ የሚያድርባት ግን ልጅቱ ናት» አሉኝ።

በቀብራቸው ዕለት እኚያው ኃላፊ ተነሥተው «ዕድሜያቸውን ለትክክለኛ ቋንቋ የሰጡ ታላቅ ባለሙያ» ሲሉ ተናገሩ። ሕዝቡ አለቀሰ። ሰዉ ሲበተን ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ወደ እኔ መጣች። እናኑ ናት። ገሳይ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፍታ ልጆቿን ታሳድጋለች።

«መምህር ደሳለው ልክ ነበሩ፣ አይደለም?» አለችኝ።

«ልክ ነበሩ።»

«ታዲያ አንቱ ያን ጊዜ ለምን እንዲያ አሉ?»

ነጠላዋን እያስተካከለች «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብላኝ ወደ ገሳይ ወደሚሄደው መኪና አመራች።

መምህር ሆይ፤ ይቅርታ ልጠይቅዎ ስንት ጊዜ እስከ ግምጃ ቤቱ መጥቼ ስለ ጤናዎ ብቻ ጠይቄ ተመለስሁ። የመጣሁበትን ያውቁ ነበር። ወንበር ስበው «ተቀመጥ ልጄ» ይሉኝ ነበር እንጂ ያን ስብሰባ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አሁን የሚሰማኝ ጆሮ የለዎትም፤ ስለዚህ የሚያውቁዎ ሁሉ በሚያነቡት ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ደኅና ይሰንብቱ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። እርስዎ ትክክል ነበሩ፤ እኔም ያን ዕለት ዐውቅ ነበር።