ዘይት የጠጣ ጎማ

ከመተማ የወጣንበት ማታ ጨረቃ አልነበረችም፤ ደግ አደረገች። ጣልያን የአባቴን በቅሎዎች ለመንገድ ሥራ ነድቶ ከወሰደ በኋላ ተራው የጫኞቹ ነው ተባለ፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ጫኝ ናቸው። እኅቴ አራስ ስለነበረች እናቴ አብራት ቀረች። ልጁ ጠና ሲል እንከተላችኋለን አለችን። አሁን በእግሩ ይሮጣል ይሉኛል፤ እኔ አላየሁትም።

ገላባት ላይ አንድ የሱዳን ሻዊሽ፣ ሃምሳ አለቃ መሆኑ ነው፣ ሥራዬን ጠየቀኝ። ግጥም እገጥማለሁ አልኩ። አስተርጓሚው ሲነግረው ትከሻዬን ዳሰሰና «ጆንያ ይሸከማል?» አለ። ይሸከማል ተባለለት። ይኸው ገዳሪፍ ገብቼ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ጆንያ ስሸከም ኖርኩ።

ስለ ገዳሪፍ ምን ልበላችሁ? ሙቀቱ የኛው ሙቀት፣ ማሽላውም የኛው ማሽላ ነው። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ዓይን የለው፣ ወጥ አይዝ። ሰው ሰላም ሲልህ ስለ ቤተሰብህ ሁሉ ይጠይቅህና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። እኛም አገር እንዲሁ ነው፤ የኛዎቹ ግን መልሱን አስቀድመው ያውቁታል።

ገዳሪፍ ሳለን የአባቴ እግር አበጠ። ጣልያን መተማን ለቀቀ ሲባል ስደተኛው ሁሉ በእግሩ ገሰገሰ፣ እኛ ቀረን። የነበረን ተስፋ የኸዋጃው ተሳቢ ቤት ብቻ ነው፤ ኸዋጃ ነጩን ሁሉ የሚጠሩበት ነው። ግሪኩ ጌታዬ በሎሪ የሚጎተት፣ አልጋ ያለው የጣውላ ቤት ነበረው፤ ለንግድ ሲዞር ያድርበታል። ገላባት ያለውን ሱቁን ሊከፍት ሲነሳ አባቴን አልጋው ላይ አስተኝቶ ሊወስድልን ተስማማ። ክረምቱ ሳይገባ መድረስ ነበረብን፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር አንዴ ከራሰ መንገድ የለም።

የተሳቢው ጎማዎች ግን አልቀዋል። ኸዋጃው ጦሩ የጣላቸው አሮጌ ጎማዎች ከተከመሩበት ወሰደንና ጥንድ ምረጡ አለን። ሾፌሩ መስመሩ የጠፋ ግን ገላው ደህና የሆነ ጥንድ አነሳ። አባቴ በኔ ተደግፈው መስመሩን በጣታቸው ፈለጉ፤ በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው እንደሚያዩት።

«ይኼ ጥርሱ ያለቀ ነው። አሮጊት በቅሎ ላይ ልትጭነኝ ነው?»

እሳቸው መስመሩ ጥልቅ የሆነ፣ ጎኑ ግን በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጥንድ መረጡ። ሾፌሩ ስንጥቁን ሲያሳያቸው ሳቁበት።

«የደረቀ መጫኛ አይተህ አታውቅም፣ ልጄ? ቅባት ያጣ ነው።»

በኛ ቤት የደረቀ የቆዳ መጫኛ ቅቤ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ቅቤ ከታጣ የሰሊጥ ዘይት። አባቴም ጎማዎቹን ዘይት ቀቡ። ኸዋጃው ጉዞውን ባዘገየ ቁጥር አባቴ ዘይቱን ይደግሙ ነበር። ጎማዎቹ ጠቆሩ፣ ለሰለሱ፣ ስንጥቁ ተደፈነ። ሾፌሩ አጥበናቸው መስሎት አመሰገነን። አባቴ ጎማዎቹን እያሹ ለእናቴ የሚነግሯትን ይለማመዱ ነበር።

ከገዳሪፍ ወጥተን በመንገዱ ላይ ያለችውን ዶካን እንዳለፍን አንደኛው ጎማ ተላጠ። ወርደን ብናይ አብጧል፣ ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። ሌላው ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ሾፌሩ አሽትቶት ምን እንደቀባነው ጠየቀ፤ ነገርኩት። ዘይት ጎማን እንደሚበላ ያን ቀን ሰማን። አባቴን ሎሪው ላይ ብንጭናቸው በመጀመሪያው ጉድጓድ ራሳቸውን ሳቱ፤ መልሰን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። ኸዋጃው ደመናውን ቀና ብሎ አየና ተሳቢውን ፈትቶ፣ ጎማ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ዘነበ።

ይኸው ክረምቱ ተጋምሷል። በቸርኬዎቹ መካከል ሣር በቅሏል። አባቴ የጎማውን ነገር አያነሱም፤ ወጡ ላይ ዘይት ካዩ ብቻ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በቀደም አንድ የአርማጭሆ ሰው ጭቃውን በእግሩ እያቋረጠ ወደ መተማ ሲያልፍ ጠርቼ እናቴ እዚያ እንዳለች ነገርኩት። ለእናትህ ምን ልንገርልህ አለኝ። ሁሉንም ልነግረው አፌን ስከፍት አባቴ ከተሳቢው ውስጥ ቀደሙኝ።

«መንገድ ላይ ናቸው በላት።»

ሰውየው ሣሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እሺ ብሎ ሄደ።

መተማ ያላችሁ፣ ይህን ለእናቴ የምታነቡላት ካላችሁ፣ ስለ ዘይቱ ያለውን እለፉት።