በፈረንሳይኛ ጉዳይ የቀረበ ግለ ሂስ

ሲይዙኝ ፈረንሳይኛ እየተናገርኩ ነበር። ጅሬን መውጫ ላይ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ ራዲዮኑ የሚለውን እደግማለሁ። አጭር ሞገድ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዝናብ ከጣለማ ጭራሽ ይጠፋል። የጅማ ዝናብ ደግሞ መች ያርፋል። መጽሐፍ አልነበረኝም፣ የሚያናግረኝ ሰውም አልነበረኝም፤ ጠያቂም መላሽም እኔው ነበርኩ። አብዮት ጠባቂዎቹ በሩን ገፍተው ሲገቡ አንደኛው መጀመሪያ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከራሴ ጋር።»

«በምን ቋንቋ?»

ነገርኩት። ራዲዮኑን ብብቱ ሥር ወሸቀና እኔን ከፊቱ አስቀደመኝ።

መርማሪው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው። «የሂሳብ አስተማሪ ነህ። ፈረንሳይኛ ምን ያደርግልሃል? ማን ነው የላከህ?» ደስ ስለሚለኝ ነው አልኩት። በጥፊ አለኝ።

ያሰሩን ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፤ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ የጀንፈሉ ትቢያ ግን ግድግዳው ላይ ቀርቶ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ሁላችንንም ያስነጥሰን ነበር። የምንተኛው ባዶ ጆንያ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። የሸቤ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቡና ደብቀዋል ተብለው ነው የገቡት።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?»

«ፈረንሳይኛ ተምሬ።»

«ማሊፍ?» አሉኝ፤ ለምን ማለታቸው ነው።

ለመርማሪው የመለስኩትን መለስኩላቸው። እሳቸው አመኑኝ። «ኤዬ፣ የደስታ ነገር ከሆነ ገባኝ» አሉ። «እኔ ዐረብኛ የተማርኩት በልጅነቴ ቁርአን ስቀራ፣ ዱላ እየቀመስኩ ነው። አንተ ግን በፍቅር ተምረህ ዱላው ኋላ መጣ።»

እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ፈረንሳይኛዬን ከቀሙኝ እርስዎ ዐረብኛ ያስተምሩኝ አልኳቸው። ያለ ወረቀት ቋንቋ መማር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ማታ የያዝኩት ቃል ጠዋት የለም። ሽማግሌው ግን መላ ነበራቸው፤ ውሃ በዐረብኛ ካልጠየቅኳቸው ጣሳውን አያቀብሉኝም። «አዕጢኒ ማእ» ማለት ነበረብኝ፣ ውሃ ስጠኝ። ማእ አላስቸገረችኝም። ያስቸገረችኝ አዕጢኒ ውስጥ ያለችው፣ ዐይን የምትባለው፣ ከጉሮሮ ሥር የምትወጣው ድምፅ ናት። ስለማመድ እስረኛው ሁሉ «ፍየሏ መጣች» እያለ ይሳለቅብኛል። ሽማግሌው ጣሳውን እንደያዙ «ከጉሮሮህ ነው እንጂ ከአፍንጫህ አይደለም» ይሉኛል። ተጠምቼ የዋልኩበት ቀን አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ተረኛው ይነሳል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ ከዚያ ሌላው ሂስ ይጨምርበታል። የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦ የምንለው እስረኛ፣ አንድ ሐሙስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ያንተ ተራ ነው፤ ካድሬው ራሱ ይመጣል። በባዕድ ቋንቋ ፍቅር ተታልዬ ነበር፣ ከእንግዲህ በደጁም አላልፍ በል። ሰኞ ትወጣለህ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። ሌላ ነገር እንዳትጨምር፣ ዝም አይነቅዝም።»

ለኔ አስቦ ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። መውጣትም እፈልግ ነበር። እናቴ ከጎጃም ድረስ መጥታ ሳታየኝ ከበር መልሰዋታል፤ ያ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ዓርብን ሙሉ «ተታልዬ ነበር» የምትለዋን ስለማመድ ዋልኩ። ዐይን እንኳ እንደሷ አላስቸገረችኝም። ማን አታለለኝ? በገዛ ፈቃዴ ነው የወደድኩት።

ቅዳሜ ካድሬው መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ራዲዮኔ ጠረጴዛው ላይ አለች፤ የዘፈን መስሚያው አድርጓታል። ሳያት ደሜ ፈላ። ተነሳሁ።

«ጓዶች፣ ጥፋት አለብኝ» አልኩ። ካድሬው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «ፈረንሳይኛ መማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን ግን ‹ር›ን እንደ ፈረንሳዮቹ ከጉሮሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ግሶቹንም አደባልቃለሁ። ይህ የስንፍና ውጤት ነው። ከእንግዲህ ጠንክሬ በመማር ራሴን አርማለሁ።»

አንዱ ሳል ያዘው። ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ካቦው አንገቱን ደፋ።

«ጨረስክ?» አለ ካድሬው።

«ዐረብኛም ጀምሬያለሁ። እሱማ ከዚህም ይብሳል።»

«ሰኞን እርሳው» አለኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከዚያ እንደ ደንቡ ወደ እስረኛው ዞረ። «በዚህ ግለሰብ ላይ ሂስ ያለው?»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

«እኔ አለኝ። ይሄ ልጅ ዐይንን ከአፍንጫው ነው የሚያወጣት። ስንት ጊዜ ነገርኩት። ግን ጥፋቱ የኔም ነው፤ ኡስታዙ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ውሃ በመከልከል ብቻ ሰው አይማርም።»

ሁለታችንንም አንድ ላይ ድሮ ቡና ይመዘንባት በነበረችው ጠባብ ክፍል ቆለፉብን። ከሸቤ ልጃቸው የምታመላልስላቸው ስንቅም በዚያው ቀረ። ጉዳቱ ለሳቸው ተረፈ ብዬ ከፋኝ።

«ለምን እንዲህ አደረጉ? እርስዎን ማን ነካዎት?» አልኳቸው።

«ዝም በል። በል ውሃ ጠይቀኝ።»

ክፍሏ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ጠየቅኳቸው።

«አሁንም ከአፍንጫህ ነው» አሉ።

ለምን እንደገባሁ በቅጡ እንዳልነገሩኝ ሁሉ፣ ለምን እንደምወጣም ሳይነግሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለቀቁኝ። ወደ ማስተማሬ ስመለስ በተቀበልኩት የመጀመሪያ ደመወዝ ራዲዮ ገዛሁ። ሽማግሌውም ተፈቱ፤ ሸቤ እየሄድኩ እስኪሞቱ ድረስ ሂሳቸውን ተቀብያለሁ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ‹ር› አልተስተካከለችም፣ ዐይንም ከአፍንጫዬ አልወረደችም። ምሳ ላይ «አዕጢኒ ማእ» ስል ቤተሰቡ ይስቃል፤ ውሃው ግን ይመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሞኙ እንግዲህ እኔ ነኝ።