ኦቦ ገመቹ ያቃኑት አጽም

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሱሉልታ ላይ፣ ከመቃብሩ ጉድጓድ ሸራውን ገለጥኩና... የማላውቀው ሰው ተኝቶ አገኘሁ።

ቅዳሜ ትቼው የሄድኩት አጽም በግራ ጎኑ ተኮራምቶ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ፊቱን ወደ አንዲት ማሰሮ አዙሮ ነበር። ሰኞ ያገኘሁት ግን በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ፣ ራሱን ወደ ምዕራብ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ነው። በደንብ የተገነዘ የክርስቲያን ሬሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ እርሻ መካከል ትልቅ የድንጋይ ቁልል አለ። ማን እንደከመረው የሚያውቅ የለም፤ ገበሬው ዙሪያውን ያርሳል እንጂ አይነካውም። ከሥሩ የጥንት መቃብር አለ ብዬ ሦስት ዓመት ጨቅጭቄ ነው ቁፋሮውን ያስፈቀድኩት። አራት ሳምንት ቆፍረን አንድ ሰው አገኘን... ከነማሰሮው፣ ከነባልጩት ምላጩ፣ አንገቱ ላይ ከነበረው ጨሌ ጋር።

በእኛ ሥራ ከአጥንቱ ይልቅ አተኛኘቱ ይበልጣል። ሰው እንዴት እንደተቀበረ ስታይ ማን እንደቀበረው ትደርስበታለህ። ስለዚህ ሳይለካና ሳይሳል አንዲት ጠጠር አትነሳም። በዚህ ደንብ ምክንያት ስንቱን ገሥጫለሁ፤ አንዱንም አባርሬአለሁ።

ጉድጓዱን የሚጠብቁት ኦቦ ገመቹ ናቸው። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጡ፣ አጠገባችን ያለውን መሬት የሚያርሱ ሰው። እንደ ወትሮው «አካም ቡልተኒ» ብለው ተቀበሉኝ። ሰላምታቸውን አልመለስኩም።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ ሳይደነግጡ። «እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ብርድ እንደመታው ሰው ተኮራምቷል። ዘመድ የለው፣ የገነዘው የለ... አሳዘነኝ። አቃናሁት።»

«አጥንቱን?»

«አንድ በአንድ። እንደ እንቁላል ነው ያነሳሁት። አንድም አልጎደለም፣ ይቁጠሩት።»

ቆጠርኩት። እውነትም አልጎደለም። የግራውን ጭን በቀኝ አድርገውታል እንጂ።

እኔ በተናደድኩ ቁጥር ድምፄ ዝቅ ይላል። «ኦቦ ገመቹ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይሠሩም» አልኩ።

«እንዳሉ» አሉ። ዱላቸውን አነሱ... ግን አልሄዱም።

ይህን ጊዜ ሹማችን ከመኪና ወረዱ። ቁፋሮው ይቀጥል ወይም ይቁም የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ የመጡትም ለዚያው ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይህማ ክርስቲያን ነው» አሉ። «የክርስቲያን መቃብር ምን ብለን እንቆፍራለን? ለደብሩ እናስረክብ። ሥራው ይቁም።»

«ትናንት የተስተካከለ ነው፣ ክቡርነትዎ። ቅዳሜ ተኮራምቶ ነበር።»

«ሥዕሉን ያሳዩኝ እስቲ።»

ሥዕል... አልነበረም። እሑድ ሰበታ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበረብኝ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ሲጠብቀኝ፣ ሰኞ እስለዋለሁ ብዬ ሸራ አልብሼው ሄድኩ። ሰው ያባረርኩበትን ደንብ ራሴ ጣስኩት።

ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«እኔ ላሳያችሁ» አሉና ጋቢያቸውን አንጥፈው ሣሩ ላይ በግራ ጎናቸው ተኙ። ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። «እጁ እንዲህ ነበር፣ ከጉንጩ ሥር።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «ጌታዬ፣ ባርኔጣዎን እዚህ ያኑሩልኝ... ማሰሮዋ ናት። ትንሽ ጠጋ። አዎ፣ ልትስመው ምንም አልቀራትም ነበር።»

ሹሙ ፈገግ አሉ። «ዘበኛ ስለተኛ እንመን?»

ጨሌዎቹን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከአጽሙ አንገት አንድ ክንድ ያህል ርቀው፣ ብቻቸውን፣ አፈሩ ላይ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። የነካቸው የለም፤ ቅዳሜ አንገቱ በነበረበት ቦታ ናቸው።

«ኦቦ ገመቹ፣ ጨሌውን ለምን አላነሱም?»

«ጨሌ? እኔ?» አሉ እንደተኙ። «የማን ዛር እንዳለበት ምን አውቄ። ማሰሮዋንም ምላጩንም አልነካሁ። እኔ የገነዝኩት ሰውየውን ነው።»

ሜትር አወጣሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ከማሰሮው እስከ ጨሌው ለካሁ። ወጣሁና ሣሩ ላይ ከባርኔጣዬ እስከ ኦቦ ገመቹ አንገት ለካሁ። ሁለት ጣት ቢለያይ ነው። ሹሙ አላመኑኝም መሰል፣ ሜትሩን ተቀብለው ራሳቸው ደግመው ለኩ። ተንበርክከው፣ በሱፍ ሱሪያቸው።

«ይቀጥል» አሉ በመጨረሻ። «ሪፖርቱ ላይ ግን ጥፋተኛው በስሙ ይጻፍ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት ኦቦ ገመቹን ነበር።

በስሙ ጽፌዋለሁ። «አጽሙ ሳይሳል በመቆየቱ ከቦታው ተነቃንቋል፤ ሳይሳል የቆየው በእኔ ጥፋት ነው» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ኦቦ ገመቹም አሁንም እዚያው ይጠብቃሉ። ከሪፖርቱ ጋር ባያያዝኩት ሥዕል ላይ አጥንቱ የጥንቱ ሰው ነው፣ አተኛኘቱ የኦቦ ገመቹ። ይህንንም ከሥሩ ጽፌዋለሁ።

ሹሙ ከሄዱ በኋላ ያንን ሥዕል ስስል አንድ ሰዓት ያህል ብርዱ ላይ ሳይነቃነቁ ተኙልኝ። ሲነሱ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ እጄን ያዙ።

«እኔ ስሞት ግን እንዲህ እንዳይተዉኝ፣ አደራ።»

«አቃናዎታለሁ» አልኩ።

ሣሩን ከጋቢያቸው እያራገፉ ትንሽ አሰቡ።

«ብቻ ቅዳሜ አይሁንብኝ።»