ሰባት ገጽ፣ አንድ ፎቶ

የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር የቤት ሥራ በስልክ የሚሰጥበትን ፕሮግራም ለወላጅ ኮሚቴው ያስተዋወቀ ዕለት፣ «ሌላ ቦታ እንዴት እንደሠራ ኢንተርኔት ላይ እየተከታተለ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል» አለ። ሁሉም አቀረቀረ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ኢንተርኔት ነው» አለኝ እየሳቀ።

«ታዲያ እኔ ጉሊት ነው አልኩ እንዴ?»

ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ግን የልጅ ልጄን፣ እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ የማሳድገው እኔ ነኝ። ለእሷ የሚመጣ ነገር በእኔ ዓይን ማለፍ አለበት።

ቀትር ላይ መጋላ ገበያው ሱቁን ዘግቶ ሲጋደም፣ እኔ ደጃፌ ጥላ ላይ ስልኬን ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። በቴሌግራምም በፌስቡክም ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ የሚያወሩትን ገጾች አንድ በአንድ ፈለግኩ። መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ ዝም ብዬ ሳስቀምጥ፣ ትናንት ያየሁትን ዛሬ ማግኘት አቃተኝ። ስለዚህ የልጅቷን አሮጌ ደብተር አነሳሁና ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ መስመር ሰጠሁ፤ ማን እንደጻፈው፣ ስለ የትኛው ከተማ እንደሆነ፣ ፎቶው ምን እንደሚያሳይ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን ፕሮግራም የሚያመሰግኑ ሰባት ገጾች ያዝኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሬን ከፍ አድርጌ፣ «ሰባት ከተማ መስክሮለታል» አልኩ። እጅ በእጅ ላይ ወጣ፤ ተወሰነ። ከዋሂል ገጠር የመጣች አንዲት እናትም ወደ እኔ አይታ እጇን አወጣች። ልጇ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ክፍል ትማራለች። አክስትየዋ ያላት ስልክ ከመደወል ሌላ ምንም አይሠራም። ስንመለስ ደቻቱ ድልድይ ላይ አስቆምኳት።

«አንቺ፣ ልጅሽ የቤት ሥራውን በምን ልትሠራው ነው እጅሽን ያወጣሽው?»

«አቦ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? እማማ፣ አንቺ ካልሽ ብዬ ነዋ!»

ይህ ንግግሯ ዕረፍት ነሳኝ። በማግስቱ ደብተሩን ከፍቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ስለ ፎቶው የጻፍኩት ላይ ስደርስ ቆምኩ። «አንድ ጉንጉኗ የተፈታ ልጅ፣ መስኮት አጠገብ» ይላል። ሁለተኛው መስመርም እንዲሁ። ሦስተኛውም። በገዛ እጄ ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሰባት ከተማ የተባለው ሁሉ ያቺው ልጅ፣ ያው መስኮት ነበር። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የከተማውን ስም ብቻ ቀይሯል። ቀኑን እያየሁ ወደ ኋላ ስሄድ፣ መጀመሪያ የለጠፈው ፕሮግራሙን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ሆኖ አገኘሁት።

ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ሰው የሚጠራው እኔን ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ከአንድ አፍ የሰሙ ሰባት ሰዎች ለእኔ አንድ ምስክር ናቸው። ስልክ ስይዝ ግን ይህን መጠየቅ ረስቼ፣ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ፈረድኩ።

አዲስ ገጽ ገልጬ በሦስት ከፈልኩት፤ የሚሸጥ፣ የሰማ፣ ያየ። ሰባቱ ገጾች በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጥ ገቡ። «ያየ» የሚለው ባዶ ቀረ። እሱን ለመሙላት ከጽሑፎቹ ስር አስተያየት የሰጡትን ሰዎች መጠየቅ ያዝኩ፤ «አይታችሁ ነው ወይስ ሰምታችሁ?» አንዱ «እማማ፣ ጸሎትሽን አድርሺ» አለኝ። አድርሻለሁ ብዬው ቀጠልኩ። በመጨረሻ ሌላ ከተማ የምታስተምር አንዲት መምህርት በድምፅ መልእክት መለሰችልኝ። ፕሮግራሙ መጥፎ አይደለም፤ ስልክ ያላቸው ልጆች ተጠቅመውበታል። የሌላቸው ግን በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛ ስልክ እየገለበጡ «አርፍዶ ያስገባ» እየተባሉ ውጤታቸው ወረደ። ያንን ያዩ መምህራን የወረቀቱን የቤት ሥራ መልሰው አስገቡ።

ድምፁን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ፤ ኮሚቴውን ካልጠራህ ከወንበሩ አልነሳም አልኩት። ጠራ። በሁሉም ፊት «ሰባት ያልኳችሁ አንድ ነው፤ እሱም ሻጩ ነው። ተሳስቻለሁ» ብዬ የመምህርቷን ድምፅ አሰማኋቸው።

«እማማ፣ ተወስኗል እኮ» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«በማን ቃል?»

«በአንቺ።»

«እኔ ቃሌን አንስቻለሁ። አሁን ውሳኔህ በምን ይቆማል?»

አንድ አባት «ለጥቂት ልጆች ብለን ወደ ኋላ እንቅር?» አለ። «ማንም አይቅር፤ በስልክም በወረቀትም ይሰጥ፣ ማርኩ እኩል ይሁን» አልኩ። የዋሂሏ እናት መጀመሪያ እጇን አወጣች። በዚህኛው ጊዜ ግን ወደ እኔ አላየችም። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ርዕሰ መምህሩም በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው።

አሁን ሰኞ ሰኞ ዋሂል ወዳለችው እናት እደውላለሁ። እሑድ እሑድ ከተማ መጥታ የልጇን ወረቀቶች በዓይኗ ስለምታይ፣ ልጅቷ ወረቀቱ በሰዓቱ ደርሷት እንደሆነ፣ ማርኩም እንደ ሌሎቹ መሆኑን ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት ወረቀቱ አንድ ቀን ዘግይቶ እንደነበር ነገረችኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ነበርኩ። በደብተሬ «ያየ» በሚለው ስር ከመምህርቷ ቀጥሎ ያለው መስመር የእሷ ነው።